መተማና የጓዳው ሙያ

መተማ ሲባል ሁላችንም የምናስታውሰው አንድ ቀን ነው፤ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.። ከክፍል ወደ ክፍል ስንዘዋወር ያቺ ቀን አልለቀቀችንም። ዐፄ ዮሐንስ ከደርቡሽ ጋር ገጠሙ፤ ጦራቸው የዘኪ ቱማልን የእሾህ አጥር ጥሶ ገባ፤ ድሉ እጅ ሊገባ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። ፈተና ላይ ይመጣል፣ እንመልሳለን፣ እናልፋለን። የድንበሩ ከተማም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ይባላል። ነገሩን ትንሽ ጠለቅ ብሎ ያነበበ ደግሞ በጥቅምት 1933 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣሊያን በዚያው ሥፍራ መዋጋታቸውን ይጨምራል። ከዚያ ወዲያ ዝም ነው።

እኔን ግን ታሪክ ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልተወኝም። ያ ሁሉ ሠራዊት በዚያ ጧት ምን በልቶ ነበር? ማን ፈጨው? ማን ጋገረው? ማንስ ከደጋ ቆላ ድረስ ተሸክሞ አወረደው? ጥያቄውን ለጓደኞቼ ሳነሣ «ይሄ እኮ የወጥ ቤት ጥያቄ ነው» ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው፤ የወጥ ቤት ጥያቄ ነው። ወጥ ቤት ግን ታሪክ የለውም ያለው ማነው?

እስቲ ቋንቋችንን እንጠይቀው። አማርኛ በጦር ሜዳ የዋለውን ጀግና «ሙያ ሠራ» ይለዋል። እንጀራዋ ዓይናማ፣ ወጧ የሚጣፍጥ ሴትንም «ባለሙያ» ይላታል። ቃሉ አንድ ነው፤ የተመዘገበው ግን አንደኛው ብቻ ነው። የወንዱን ሙያ ዜና መዋዕል ጻፈው፣ አዝማሪ ዘፈነው፣ መምህር አስተማረው። የሴቲቱን ሙያ የበላው ሰው «እጅሽን ይባርከው» ብሎ ተነሣ፤ በዚያው ቀረ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ሁለተኛው ሙያ ነው፤ እንዴት ይሠራ እንደነበር፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ፣ ዛሬስ ማን እንደሚማረው።

ከጦሩ እንጀምር። በዚያ ዘመን ለሠራዊቱ ቀለብ የሚያቀርብ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ወታደሩ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣል፤ ስንቁ ሲያልቅ በሰፈረበት አገር ገበሬ ጎተራ ላይ ይወድቃል። ስንቅ ማለት ደግሞ ዝም ብሎ እህል ማለት አይደለም፤ የታሰበበት ሥራ ነው። በሶውን እንመልከት። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተሸክሽኮ፣ ተፈጭቶ ይያዛል፤ በረባዳም በዳገትም በውሃ ብቻ ይበጠበጣል፤ እሳት አይፈልግም፣ ጭሱም ለጠላት አይጠቁምም። ድርቆሹ ደግሞ ሳይሻግት እንዲሰነብት ደርቆ የተቀመጠ እንጀራ ነው። ዳቦ ቆሎውም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ያሰበው የጦር አዝማች አይደለም፤ እቤት የቀረችው ሴት ናት።

እቤት ያልቀረችም አለች። በዘመቻው ሴቶች አብረው ይሄዱ ነበር። እንስራና ጋን ተሸክመው ቀኑን ሙሉ ከተጓዙ በኋላ፣ ወንዱ ጋሻውን ሰቅሎ ሲያርፍ እነሱ እንጨት ለቅመው፣ ውሃ ቀድተው፣ ወፍጮ ላይ ተንበርክከው ይፈጫሉ። የንጉሡ ጦር ወደ መተማ ሲወርድ ከጎንደር ደጋ ወደ ጋለው ሜዳ በሚወስደው መንገድ የእነዚህም እግር ነበረበት።

የዘመኑን ክፋት ለመረዳት ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ እንመለስ። በ1876 ዓ.ም. በዐድዋ በተፈረመው ውል ዐፄ ዮሐንስ በማህዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ለመርዳት ተስማሙ፤ ከነዚያ ሠፈሮች አንዱ የመተማ ጎረቤት ገላባት ነበር። በዚህና በሌላውም ምክንያት ቂሙ በረታ። በጥር 1880 ዓ.ም. የአቡ አንጃ ጦር በደምቢያ ሳር ውሃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ነሥቶ ጎንደርን አቃጠለ። ከተማረኩት ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ፤ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተነዱ። በዚያው በ1880 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ጣይቱ ብጡል ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ምረቃ ዛሬም ድረስ የሚወራለትን ትልቅ ግብር አብልተዋል። የወጡ ዓይነት፣ የጠጁ ብዛት ተጽፎልናል። የተማረከችው የጎንደር ሴት ግን ኦምዱርማን ላይ በማን ምድጃ፣ ምን እንዳበሰለች የጻፈ የለም። ሙያዋን ይዛ መሄዷ ግን አይቀርም፤ እጅን ትቶ የሚሄድ ሰው የለምና።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣውን ደግሞ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ይሉታል። ከብቱን በሽታ ፈጀው፣ የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አገር ተራበ። ሰው ቅጠልና ሥር እየነቀለ በላ። የትኛው ቅጠል እንደሚበላ፣ የትኛው ሦስት ጊዜ ተቀቅሎ ውሃው ካልተደፋ እንደሚገድል ማወቅ ያኔ ከጠመንጃ በላይ ነፍስ ያድን ነበር። ያም ሙያ ነው።

አሁን ጦሩን እንተወውና መተማ ከጦሩ በፊት ምን ነበረች እንበል። ገበያ ነበረች። በ1764 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ወደ ስናር ሲወርድ በዚህ ቆላ አለፈ፤ ያኔ አካባቢው ራስ አል ፊል ይባል ነበር። ተቅማጥ ያዘውና ያዳነው የአገሩ ሰዎች የሚያውቁት ዋጊኖስ ነው። ሳይንስ በኋላ ተክሉን በብሩስ ስም ጠራው፤ መድኃኒቱን ያወቁት ሰዎች ስም ግን አልተጠራበትም። የዚህ ጽሑፍ ነገር በአንድ ቅጠል ላይ ተጽፎ ታዩታላችሁ።

ከብሩስ በኋላ ሳሙኤል ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ በ1854 ዓ.ም. መተማን አየ። በዚያን ጊዜ የከተማው ጌቶች ተክሩሮች ነበሩ፤ እነዚህ ከዳርፉር በኩል መጥተው የሰፈሩ፣ ጥጥ የሚያመርቱ እስላሞች ናቸው። ለሁለት ጌታ፣ ለግብፅም ለኢትዮጵያም እየገበሩ ይኖሩ ነበር። ከደጋ ቡናው፣ ሰሙ፣ ማሩ፣ በቅሎው ይወርዳል፤ ከቆላው ጥጡና ከሱዳን የመጣው ሸቀጥ ይወጣል። በጫካው ዳር ደግሞ ከሁሉም በፊት የነበሩት ጉሙዞች አሉ፤ ሴቶቻቸው ዛሬም በትከሻቸው ላይ እንጨት አጋድመው በሁለቱ ጫፍ ቅርጫት አንጠልጥለው ገበያ ሲወጡ ይታያሉ።

ነገር ግን የገበያውን መልካም ወገን ብቻ ማውራት ታሪክን መሸንገል ነው። መተማ ሰውም ይሸጥባት ነበር። ከተሸጡት መካከል ከዚሁ ቆላ የተፈነገሉ ብዙ ጉሙዞች አሉ። የተሸጠችው ሴት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምትገባው ወፍጮ ቤት ነው። የባሪያ ንግድ ብቻ ሳይሆን ባርነት ራሱ በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በደጋውም በሱዳንም «የእመቤቲቱ እንጀራ» እየተባለ ከተበላው ውስጥ ስንቱን የፈጨው ስሟ የጠፋ የቆላ ልጅ እጅ ይሆን? ስለ ባህል ምግባችን ስንኮራ ይህችን ጥያቄ አልፈን ባንኮራ ጥሩ ነው።

ሙያውስ ለምን ተናቀ? አንድ ምሳሌ ከዚያው ከምዕራቡ ቆላ ልስጥ። ቋራ የመይሳው ካሳ አገር ናት። ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው ሊያዋርዷቸው ሲፈልጉ ያገኙት ስድብ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚል ነበር። እናታቸው በችግር ጊዜ ጎንደር ላይ ኮሶ ሸጡ ይባላል። አስቡት፤ ያ ሁሉ ጥሬ ሥጋ የሚቆርጥ መኳንንት ያለ ኮሶ መዋል አይችልም። ኮሶውን ይጠጣል፣ የሸጠችለትን ይሰድባል። ልጇን በገበያ ዳር ሥራ ያሳደገች እናት ለስድብ እንጂ ለምስጋና አልታሰበችም።

አሁን ወደ እህሉ እንውረድ። የመተማ ቆላ እህል ማሽላ ነው። ማሽላና ይህ አካባቢ ደግሞ የትናንት ወዳጆች አይደሉም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመሬት ቁፋሮ አጥኚዎች ከድንበሩ ማዶ በካሰላ አጠገብ ከተገኘ ጥንታዊ ሸክላ ስብራት ላይ የማሽላ ገለባና ፍሬ አሻራ አገኙ። ሸክላው ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ማሽላው ከጫካ ሣርነት ወደ እርሻ እህልነት እየተለወጠ እንደነበር አሻራው ያሳያል፤ እስካሁን ከተገኘው የማሽላ ለማዳ መሆን ማስረጃም ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። አሻራው እንዴት ቀረ ቢባል፣ ሸክላ ሠሪዋ (ወይም ሠሪው) ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ገለባ ለውሳበት ነው። ንጉሥ በድንጋይ ላይ ያስጻፈው ይፈርሳል፤ ይሄ ግን ቆየን።

ከዚህ እህል ሁለት እኅትማማች ምግቦች ወጡ፤ እንጀራና ኪስራ። ሁለቱም ዱቄቱ ተቦክቶ፣ ኮምጥጦ፣ በጋለ ምጣድ ላይ ይጋገራሉ። የእኛ ሴት ከቦካው ሊጥ ቀንሳ በውሃ አፍልታ አብሲት ትጥላለች፤ ሊጡ ኩፍ ይልና ሲጋገር ዓይን ያወጣል። የሱዳኗ ሴት አብሲት አትጥልም፤ ሊጡን በምጣዱ ላይ አፍስሳ በዘንባባ ቅጠል ቁራጭ ትዘረጋዋለች፤ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይነሣል። የማሽላ እንጀራ ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰባበራል፤ ስለዚህ ባለሙያዋ ከጤፍ ትቀላቅላለች፣ ወይም የዕለቱን ለዕለቱ ትጋግራለች። ኪስራ ግን መሳሳቱ ራሱ መድኃኒቱ ነው። ያው እህል፣ ያው እርሾ፣ ያው ሙቀት፤ ሁለት ብልሃት።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዝ የድንበሩን ውል ተፈራረሙ። መስመሩም በመተማና በገላባት መካከል ዐለፈ። ዛሬ ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው በበጋ የሚደርቅ ትንሽ ወንዝና አንድ ድልድይ ነው። መሬቱ ተከፈለ፤ ሊጡ ግን አልተከፈለም። መተማ ላይ ፉል በጧት ይበላል፣ ደረቅ ባሚያ ተወቅጦ ወጥ ይሆናል፣ ከርከዴ ይጠጣል፣ ቡናው ውስጥ ዝንጅብል ይገባል። ገዳሪፍ ላይ ደግሞ የሐበሻ እንጀራ ይሸጣል፤ በ1970ዎቹ በዚህ በር የተሰደዱት ብዙ የአገራችን ሴቶች በሱዳን ከተሞች ልጆቻቸውን ያሳደጉት እንጀራ ጋግረው፣ ቡናና ሻይ ሸጠው ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ተራው ተገለበጠ፤ ሱዳናውያንም፣ እዚያ ኖረው የነበሩ ኢትዮጵያውያንም በብዛት በመተማ ገቡ። አንዳንዷ የያዘችው ልብሷንና ልጇን ብቻ ነበር። ምድጃ የትም ይሠራል፤ ሦስት ድንጋይ ካለ ኪስራውም ይጋገራል።

ሰሊጡንም ሳላነሣ አላልፍም። ክረምት ሲገባ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከሌላውም ደጋ የቀን ሠራተኛው ወደ መተማ ይጎርፋል፤ በአካባቢው አጠራር ሳሉግ ይባላል። መጀመሪያ ለአረም፣ ከዚያ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ለአጨዳ። ሰሊጥ የሚታገሡት እህል አይደለም። ቆባው ሲደርቅ ይከፈታል፤ አንድ ሁለት ቀን ከዘገዩ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሙሉው ሳይደርቅ ይታጨዳል፣ ነዶው ቆሞ ይደርቃል፣ ከዚያ በሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። በዚያ ጥድፊያ መካከል፣ ወባውና ካላ አዛሩ ባለበት በረሃ፣ ለዚህ ሁሉ ሰው እንጀራ የምትጋግረው ማን ናት? በእርሻው ዳር በዳስ ሥር በጭስ የምትጠበስ ወጥ ሠሪ አለች። ሰሊጡ በኩንታል ተመዝኖ ወደ ቻይናና ወደ እስራኤል ይላካል፤ እዚያ ጣሂኒና ሐላዋ ይሆናል። የእሷን ሥራ የሚመዝን ሚዛን ግን እስካሁን አልተሠራም።

እንግዲህ ይህን ሙያ ዛሬ የሚማረው ማነው? ድሮ ትምህርት ቤቱ ጓዳ ነበር፤ መምህሯ እናት፣ ፈተናው እንግዳ። አዲስ አበባ ላይ እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሆቴል ሲከፍቱ ምግብ ማብሰል የደመወዝ ሥራ ወደ መሆን ተጠጋ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የሆቴልና የቱሪዝም ማሠልጠኛው ተቋቋመ፤ ሙያው ዲፕሎማ ያዘ። አሁን በየክልሉ ኮሌጅ የምግብ ዝግጅት ይሰጣል። ከእነዚህ ተማሪዎች አንዷን አውቃታለሁ፤ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ገንዳ ውሃ ነው፤ የምትማረው ጎንደር።

ኑሮዋ የማናችንንም ኑሮ ይመስላል። ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታለች፤ ነጭ ጋውኗን ማታ አጥባ ጧት ሳይደርቅ ትለብሳለች። ከቤት የሚላክላት ብር ወሩ ሳያልቅ ያልቃል። የምግብ ተማሪ ሆና የምትበላው አብዛኛውን ጊዜ ሽሮ ነው፤ «ቀን ቤሻሜል፣ ማታ ሽሮ» እያለች ራሷ ትስቃለች። ደስታዋም ትንንሽ ነው። ከመተማ የሚመጣው አውቶቡስ ረዳት ስልክ ሲደውልላት መናኸሪያ ትሮጣለች፤ እናቷ የላከችው ፌስታል ነው። ቆሎ የተደረገ ሰሊጥ፣ ደረቅ ባሚያ፣ ከርከዴ። ያን ቀን ክፍላቸው በዓል ይሆናል፤ ዝንጅብል ያለበት ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ደብተሯ ነው። በአንድ ወገን ክፍል የተማረችው በግራምና በሊትር ተጽፏል። በሌላው ወገን የእናቷን ሙያ ልትጽፍ ጀምራለች፤ እሱ ግን አልገፋላትም። አንድ እሑድ እኔ ባለሁበት ስልክ ደወለች።

«እማ፣ ለባሚያው ሰሊጡን ስንት ታደርጊበታለሽ?»

«በቃ፣ የሚበቃውን ነዋ ልጄ።»

«ስንት ነው የሚበቃው?»

«እፍኝ ነው፤ ግን የኔን እፍኝ ነው እንጂ ያንችን አይደለም። አያትሽ ደግሞ ከኔ ታበዛው ነበር፤ እጇ ሰፊ ነበረች፣ ነፍሷን ይማር።»

ልጅቱ እየሳቀች ጻፈች፤ «አንድ እፍኝ (የእማ)፤ ሴት አያቴ ከዚህ ታበዛለች»። እኔ ያቺን መስመር እንደ ታሪክ ሰነድ ነው ያየኋት። ሦስት ትውልድ አለባት።

በሌላ ቀን ለተግባር ፈተና «የአካባቢያችሁን ምግብ ሥሩ» ተባሉ። እሷ ኪስራ በባሚያ አቀረበች። ከተማሪዎቹ አንዱ «ይሄ የሱዳን አይደል እንዴ?» አላት። «የናቴ ነው» አለች። ስትነግረኝ ትንሽ ከፍቷት ነበር። መልሱ ግን አጭር ቢሆንም ልክ ነው። የ1894 ዓ.ም. መስመር የመንግሥታት ነው፤ ያች ልጅ የበላችውና ያደገችበት ከመስመሩ በፊት የነበረ ነው። እህሉን ተክሩሩም፣ ጉሙዙም፣ የደጋው ሰውም ጎርሶታል። ይሄ የእኛ አይደለም እያልን ብንቆራርጠው የሚቀንሰው የእኛው ነው።

ስጋቴን ልናገር። የዲፕሎማው ትምህርት መልካም ነው፤ ንጽሕናን፣ ልክን፣ የጉልበት ዋጋን ያስተምራል፤ ወጥ ሠሪዋን ባለደመወዝ ያደርጋታል። ነገር ግን በመጽሐፉ ያልገባውን ተማሪዋ «ይሄ ትምህርት አይደለም» ብላ ከተወችው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የመተማ ልጅ ቤሻሜል እያወቀች ማሽላ ማቡካት የማትችል ትሆናለች። ወፍጮ ላይ መንበርከኩ ይቅር፤ ማንም ሴት አይናፍቀውም፣ አይገባምም። የሚጠፋው ግን መከራው ብቻ አይደለም፤ ዕውቀቱም አብሮ ይሄዳል። ሁለቱን ለይቶ መከራውን መጣልና ዕውቀቱን ማስቀረት የእኛ የተማርነው ሥራ ነው።

ስለዚህ ለጓዶቼ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ለክረምት አገራችን ስንገባ እያንዳንዳችን አንድ ደብተር እንያዝ። ስለ ጦርነት አባቶችን ስንጠይቅ እንደምንቀመጠው ሁሉ እናቶቻችን ጓዳም እንቀመጥ። ምን ትሠሩ ነበር? ከማን ተማራችሁት? በክፉ ቀን ምን አበላችሁን? ወፍጮ ሳይመጣ ማን ይፈጭ ነበር? መልሱን በእነሱ ቃል እንጻፍ፤ በእፍኝ ያሉትን በእፍኝ እንጻፍ። የመተማው ልጅ ከመተማ፣ የቋራው ከቋራ፣ የአርማጭሆው ከአርማጭሆ ይዞ ቢመጣ የሚቀጥለው እትማችን ገጽ አይበቃውም። እኔ የአክስቴን ደብተር ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን አሥራ አንድ ገጽ ደርሷል፤ ስለ ማሽላው ገና አልጨረስንም።